አዳራሹ ሲሞላ የሚረበሽ ማይክ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አዘጋጇ በዙሪክ ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዓል ሲያከብሩ አዳራሽ የምትከራይ፣ ዘፋኝ የምትጠራ፣ ሂሳብ የምታወራርድና ወቀሳ የምትቀበል ወጣት ናት። ባለሙያው አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ሳውንድ ሲያቆም ኖሮ፣ በኋላ ረገንስዶርፍ መጥቶ ቴፕ መቅረጫ ሲጠግን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የእንቁጣጣሽ ማግስት ነው፤ ቡና ተፈልቷል፣ ማይኮቹም ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

አዘጋጇ፦ ጋሼ፣ እነዚህ ማይኮች ትናንት በሰው ፊት አዋረዱኝ። ከሰዓት በኋላ ስንሞክራቸው ድምፃቸው ኮለል ያለ ነበር። ማታ ሰዉ ገብቶ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ መድረክ መሪው ገና «እንኳን አደረሳችሁ» ከማለቱ ጭርርር! ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው እኔን ያዩኛል፣ ማይኩን የሠራሁት እኔ ይመስል።

ባለሙያው፦ አይዞሽ። ሳውንዱ ሲያምር ዘፋኙ ይመሰገናል፣ ሲበላሽ የሳውንዱ ሰው ይረገማል። ሥራው ከጥንትም እንደዚያ ነው። ለመሆኑ ገመድ አልባው ስንት ነበር?

አዘጋጇ፦ ስድስት። ሦስቱን ለዘፋኞቹ ተከራየን። አንዱን ዋሽንግተን ያለው አጎቴ ባለፈው ሲመጣ በስጦታ ያመጣልኝ ነው፣ እሱን መድረክ መሪው ያዘው። አንዱ የማሲንቆ ተጫዋቹ የራሱ ነው፣ መሣሪያው ላይ ይሰካዋል። ስድስተኛው ግጥም ያነበበችው ልጅ ልብሷ ላይ የቆነጠጠችው ትንሹ ማይክ ነው።

ባለሙያው፦ ስድስት ገመድ አልባ ማይክ ካለሽ ስድስት ትንንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ከፍተሻል። በእጅ የሚያዘው ዱላ ማሰራጫ ነው፣ ሚክሰሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሳጥን፣ ሪሲቨሩ፣ ደግሞ ያንን ብቻ የሚሰማ ሬዲዮ። ስለዚህ ጫጫታው በሦስት በር ሊገባ ይችላል፦ ወደ ማይኩ ከመግባቱ በፊት፣ በአየር ላይ ሳለ፣ ወይም ከሪሲቨሩ ወጥቶ ወደ ስፒከሩ ሲሄድ። የሦስቱም ድምፅ አይመሳሰልም። እስቲ አሰሚኝ።

አዘጋጇ፦ በአፌ?

ባለሙያው፦ በምን ልታሰሚኝ ነበር ታዲያ!

አዘጋጇ፦ እሺ። የመድረክ መሪው፣ ደህና ሲናገር ቆይቶ «ጭርር፣ ጭር፣ ጭርርር»። ማይኩን አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ደግሞ ማንም ሳይነካው «ብው!»። ማሲንቆው ከሥሩ «ሽሽሽ» ይላል፣ በየመሃሉም ቁርጥ ቁርጥ። የግጥሟ ልጅ «ኮሽ፣ ኮሽ»። ዘፋኞቹ አንድ በአንድ ሲዘፍኑ ምንም አልነበረም፤ ሦስቱ አብረው ሲይዙ ግን ሦስተኛው ማይክ ላይ ፉጨት የመሰለ ነገር ይገባል። ከሁሉም ሥር «እምምም»፣ ሌሊቱን ሙሉ።

ባለሙያው፦ ጎበዝ! አንቺ አንድ በሽታ ነው ብለሽ መጣሽ እንጂ የዘረዘርሽልኝ አምስት ነው። ቀላሎቹን ቶሎ እንሸኛቸው። «እምምም» የሚለው፣ ማይኮቹ ሁሉ ሚክሰሩ ላይ ተዘግተው ሳሉም ይሰማ ነበር?

አዘጋጇ፦ ይሰማል። ዲጄው ላፕቶፑን ሲነቅል ግን ጠፋ፣ መልሶ ሲሰካ መጣ።

ባለሙያው፦ በቃ፣ የማይክ ጣጣ አይደለም። እዚህም አገር ቤትም መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ያ 50 እና እጥፉ 100 ነው «እምምም» የሚለው። ላፕቶፑ ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከሌላ ሶኬት ሲሰካ በመሬት መስመሩ በኩል ዙሪያ ጥምጥም ይሠራል። ሁሉንም የድምፅ ዕቃ ከአንድ ሶኬት አውጪ፤ ካልበቃ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መሃል ዲአይ የሚሉትን ትንሽ ሳጥን አስገቢና የመሬት መቁረጫ ቁልፉን ጫኚ። አዲስ አበባ የመሬቱን ጥርስ በፒንሳ የሚነቅሉ ልጆች አይቻለሁ። «እምምም» የሚለው ይጠፋል፣ ግን ዕቃው ውስጥ አንድ ነገር የተበላሸ ቀን ማይኩን ከንፈሩ ላይ ያስጠጋውን ዘፋኝ ይገድለዋል። እሱን እንዳትሞክሪው።

አዘጋጇ፦ እሺ። «ኮሽ ኮሹ»ስ?

ባለሙያው፦ እሱ ከማይኩ በፊት የገባ ነው። ልጅቱ ነጠላ ነበር የለበሰችው?

አዘጋጇ፦ ነጠላ በትከሻዋ፣ አንገቷ ላይ ደግሞ ድሪ።

ባለሙያው፦ ድሪው ማይኩን ይነካዋል፣ ነጠላው ይጠርገዋል። ማይኩ በእጅ ሲያዝ የማይሰማው ነገር ደረት ላይ ሲሆን ሁሉ ይሰማል። ቀሚሱ ላይ፣ ጥለቱ ከጡት በላይ በሚያልፍበት ቦታ ቆንጥጠሽ፣ ሽቦዋን አንድ ጊዜ ጠምዝዘሽ ከሥር በፕላስተር ያዢያት፣ እንቅስቃሴው ማይኩ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ነጠላውን ወደ ሌላው ትከሻ አዙሪላት። እስክስታ ለሚመታ ሰው ግን ደረት ላይ የሚቆነጠጥ ማይክ አትስጪ። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ይሻላል።

አዘጋጇ፦ ሁለት ሄደ። የዘፋኞቹ ፉጨት ግን አልገባኝም። ለየብቻ ደህና የሆኑ ሦስት ማይኮች አብረው ሲሆኑ ምን ነካቸው?

ባለሙያው፦ ሪሲቨራቸው ላይ የነበረውን ቁጥር ታስታውሻለሽ?

አዘጋጇ፦ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ይኸው፦ 520.000፣ 520.400፣ 520.800። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት ጋሼ። እኩል እኩል ራራቅኳቸው፣ እንዳይጋፉ ብዬ።

ባለሙያው፦ እኩል ያደረግሽው ለዚያ ነው የተጋፉት! ሁለት ማሰራጫ ተቀራርበው ሲሠሩ የእነሱ ያልሆነ፣ ማንም ያልላከው ሦስተኛ ሲግናል ይወልዳሉ። የት እንደሚወድቅ ለማወቅ የአንዱን ቁጥር እጥፍ አድርጊና ሌላውን ቀንሺ። እስቲ የመሃለኛውን እጥፍ አድርጊ።

አዘጋጇ፦ 1040.8። የመጀመሪያውን ስቀንስ… 520.8። እንዴ! ሦስተኛው ማይክ ላይ ቁጭ አለ።

ባለሙያው፦ አሥር ማይክ በእኩል ርቀት ብትደረድሪ ሁሉም እርስ በርስ ይህንኑ ያደርጋሉ። መፍትሔው ርቀቱን ማበላለጥ ነው። ሁለቱን እንዳሉ ተያቸውና ሦስተኛውን 521.300 ላይ አድርጊው፤ አሁን አስቢው፣ የትኛውም ውጤት ወደ ማናቸውም ማይክ ከ0.4 ሜጋኸርዝ ባነሰ አይጠጋም። ግን በእጅ ማስላት አይጠበቅብሽም። ሪሲቨሩ ላይ ግሩፕ እና ቻናል የሚል አለ፤ አንዱ ግሩፕ ውስጥ ያሉት ቻናሎች በፋብሪካው ተሰልተው የተቀመጡ ናቸው። ሦስቱንም አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቢና ለእያንዳንዱ የተለያየ ቻናል ስጪ። ሌላም ነገር አለ፦ ዘፋኞቹ ተራቸውን ሲጠብቁ ማይኮቹን እንደበሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋቸው ነበር አይደል?

አዘጋጇ፦ እንዴት አወቁ?

ባለሙያው፦ ሁሌ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ማሰራጫዎች ሲጠጋጉ ያ ሦስተኛው ሲግናል ይበረታል። አንድ ሁለት ክንድ አራርቂያቸው። የኃይል መምረጫ ቁልፍ ካላቸው ደግሞ ከፍ ሳይሆን ዝቅ አድርጊው፤ ለአንድ አዳራሽ 10 ሚሊዋት ይበቃል። ሰው ጫጫታ ሲሰማ ኃይል ይጨምራል፣ ጫጫታውም አብሮ ይጨምራል።

አዘጋጇ፦ ሪሲቨሮቹንስ የት ማድረግ ነበረብኝ? እኔ ለዓይን እንዳያስጠሉ ከስክሪኑ ኋላ ደበቅኋቸው።

ባለሙያው፦ ከኤልኢዲ ስክሪኑ ኋላ?

አዘጋጇ፦ አዎ፣ የመስቀል ወፍና አደይ አበባ የሚያሳየው ትልቁ። ቀን ግን አልከፈትነውም ነበር።

ባለሙያው፦ አየሽ፣ ሌላ ነገር ነገርሽኝ። ያ ስክሪን በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ መብራቶችን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋ ነው፤ ያንን የሚያደርገው ኤሌክትሮኒክስ በማይኮቹ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሰፊ ጫጫታ ይረጫል። አንቴናውን ከኋላው ስትደብቂው ከዘፋኙ አራቅሽው፣ ከጫጫታው አጠገብ አስቀመጥሽው። አንቴና ማይኩን ማየት አለበት። ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ መድረኩን እያየ፣ ከማይኮቹም ሦስት ሜትር ያህል ርቆ። በ600 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሜትር ነው፤ ሲግናሉ ከግድግዳና ከብረት ተጋጭቶ ሲመለስ በዚያ ስፋት ውስጥ እዚህ ይበረታል፣ እዚያ ይሞታል። ደህና ሪሲቨር ላይ ሁለት አንቴና የሚኖረው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲደክም በሌላው ይሰማል። ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የተባለው እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ዘፋኝ ደግሞ ማይኩን ከታች ጨብጦ ይይዛል። ማሰራጫው አንቴና ያለው እዚያ ታች ነው፣ በእጁ ያንቀዋል።

አዘጋጇ፦ ስለ ማሲንቆው አልነገሩኝም። ሰውዬው በጣም አዝኖ ነው የሄደው። ለማሲንቆው ባዳ የሆነ ነገር ተሰካበት አለ።

ባለሙያው፦ ማሲንቆ ጉሮሮው ቀጭን ነው፣ ድምፁ ትንሽ ነው። ድምፁን ከፍ ለማድረግ ሚክሰሩ ላይ ብዙ ጫናችሁበት?

አዘጋጇ፦ እስከ መጨረሻው።

ባለሙያው፦ ያ «ሽሽሽ» ግማሹ ከዚያ ነው። ማሰራጫው ላይ ያለው ጌን የሚሉት የድምፅ ማሳደጊያ ዝቅተኛ ሆኖ ሚክሰሩ ሲጫን፣ ማሲንቆውም ሹክሹክታውም አብረው ይወጣሉ። ጌኑን መጀመሪያ እዚያው መሣሪያው ላይ ጨምሩት፣ መብራቱ ቀይ ከመሆኑ በፊት አቁሙ፣ ከዚያ ሚክሰሩ ዝቅ ይበል። ቁርጥ ቁርጥ የሚለው ግን ሌላ ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ፣ መነጽሬን አላመጣሁም።

አዘጋጇ፦ 863 እስከ 865 ይላል።

ባለሙያው፦ አውሮጳ ውስጥ ያለ ፈቃድ ለማንም የተተወች ጠባብ ቦታ ናት፣ ጠቅላላ 2 ሜጋኸርዝ። ርካሽ ዕቃ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚሠራው። ጎረቤቷ ማን ይመስልሻል? ከ832 እስከ 862 ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት ነው። አንድ ሜጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያራርቃቸው። ለመሆኑ የማሲንቆው ሪሲቨር የት ነበር?

አዘጋጇ፦ እግሩ ሥር፣ መድረኩ ጫፍ ላይ።

ባለሙያው፦ ከፊት ያሉት ሰዎች ደግሞ ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው ይቀርጹ ነበር።

አዘጋጇ፦ ሲቀርጹ ብቻ? ግማሹ ቲክቶክ ላይ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር እንጂ!

ባለሙያው፦ ቀጥታ ስርጭት ማለት ስልኩ ያለማቋረጥ ይልካል ማለት ነው፣ ከሪሲቨሩ አንድ ሜትር ላይ ሆኖ። ስልኩ ዝም ብሎ ኪስ ውስጥ ቢሆን እንደዚህ አያስቸግርም። ሪሲቨሩን ከመድረኩ ጫፍ አንስታችሁ ከኋላ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ትሰሚያለሽ ለውጡን። አሁን የአጎትሽን ስጦታ ስጪኝ። ቁጥሩን አንብቢው።

አዘጋጇ፦ 902 እስከ 928። በደህና ገንዘብ ነው የተገዛው ጋሼ፣ ርካሽ አይደለም።

ባለሙያው፦ ጥሩ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ግን የአሜሪካ ነው። 902 እስከ 928 እዚያ ያለ ፈቃድ ለሁሉም የተተወ ነው፣ እዚህ ግን አይደለም። ከ880 እስከ 915 ስልክ ወደ ማማ የሚልክበት ነው። ከ921 እስከ 925 የባቡር ሬዲዮ ነው፤ ኤስ6 ላይ ስትመጪ ባቡሩን የሚነዳው ሰው ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚነጋገርበት። ከ925 በላይ ማማው ወደ ስልክ የሚልክበት ነው። እንግዲህ አጎትሽ የሰጠሽ ማይክ በአብዛኛው ቁጥር ላይ ብታደርጊው የሰው ቤት ነው። ትናንት ስንት ላይ ነበር?

አዘጋጇ፦ 906 ነገር።

ባለሙያው፦ ስልኮቹ በሚልኩበት መሃል። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ ሳለ የሚልክ ስልክ የለም፣ አየሩ ባዶ ነው፣ ድምፁ ኮለል ይላል። ሦስት መቶ ሰው ሦስት መቶ ስልክ ይዞ ሲገባ ጭርርር።

አዘጋጇ፦ ታዲያ አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው «ብው» ያለውስ?

ባለሙያው፦ ሪሲቨሩ የሚጠብቀው ሲግናል ሲጠፋበት ጆሮውን የሚዘጋ ነገር አለው። ደህና ሪሲቨር ማይኩ አብሮ የሚልክለትን ለሰው ጆሮ የማትሰማ ድምፅ ካልሰማ በሩን አይከፍትም። ይህ የሌለው ግን ጉልበት ያለው ማንኛውም ሲግናል ሲመጣ ማይኩ ነው ብሎ ይከፍታል። መድረክ መሪው ማሰራጫውን ሲያጠፋው የሰው ስልክ ገባ። ሁለተኛ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ እንዳያጠፋው ንገሪው። ሚክሰሩ ላይ ይዘጋ፣ ማይኩ ግን ይብራ።

አዘጋጇ፦ በጣም ገረመኝ። አሜሪካ የሚፈቀደው እዚህ የማይፈቀደው ማን ወስኖ ነው?

ባለሙያው፦ ጄኔቫ ነው። እህትሽ ጄኔቫ አይደለችም? ፕላስ ዴ ናስዮን አጠገብ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አለ። ፓሪስ ውስጥ በ1865 ለቴሌግራፍ የተመሠረተ ነው፤ ከ1948 ጀምሮ ጄኔቫ ነው ያለው። ዓለምን በሦስት ክልል ይከፍላታል። አውሮጳና አፍሪካ አንድ ክልል ናቸው፣ አሜሪካ ሌላ። ስለዚህ አዲስ አበባና ዙሪክ በአየሩ ድልድል ጎረቤት ናቸው፣ ዋሽንግተን ግን ባዕድ ነው። አጎትሽ ያንን ማይክ ቦሌ ይዞት ቢወርድም ዕጣው ያው ነበር።

አዘጋጇ፦ እኔ በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ!

ባለሙያው፦ የማይክ ሰዎች የተፈናቀሉት እዚያ ነው፣ ደረጃ በደረጃ። ማይኮች ድሮም በቴሌቪዥን ጣቢያዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ተሸሽገው ነው የሚኖሩት። በ2006 ጄኔቫ ላይ የአውሮጳ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ቴሌቪዥንን ዲጂታል ለማድረግ ተስማሙ። ዲጂታሉ ቦታ ስለሚያተርፍ የተረፈውን የስልክ ኩባንያዎች ፈለጉት። በ2007 የጄኔቫው ጉባዔ ከ790 እስከ 862 ለሞባይል ሰጠ። በ2012 እና በ2015፣ ያው ጄኔቫ ላይ፣ ከ694 እስከ 790 ተጨመረ። ስዊዘርላንድ ያንን 700 የሚባለውን በ2019 መጀመሪያ ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ሸጠችው። ስንት ቲያትር ቤት ነው ደህና ማይኩን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው።

አዘጋጇ፦ አሁን ለማይክ ምን ቀረ?

ባለሙያው፦ ዋናው ከ470 እስከ 694 ያለው ነው። እዚህ አገር ደግሞ አንድ ዕድል አለ፤ የስዊስ ሕዝብ ቴሌቪዥን በጁን 2019 በአንቴና ማሰራጨቱን አቁሟል። ግን ሲግናል ድንበር አያውቅም። የጀርመን ድንበር ከረገንስዶርፍ ሩቅ አይደለም፣ ጄኔቫ ደግሞ ፈረንሳይ ዙሪያዋን ናት። አንዱ የቴሌቪዥን ቻናል 8 ሜጋኸርዝ ይይዛል፤ እሱ ውስጥ የገባ ማይክ ሌሊቱን ሙሉ ሽሽሽ እንዳለ ያድራል። ለዚህ ነው ሪሲቨሩ ላይ ባዶ ቦታ የሚፈልገው፣ ስካን የሚባለው ያለው።

አዘጋጇ፦ አዲስ አበባም እንደዚህ ነበር እርስዎ ሲሠሩ?

ባለሙያው፦ አዲስ አበባ ችግሩ ሌላ ነበር። አንድ ሆቴል ውስጥ ላይና ታች ሁለት ሰርግ፣ ሁለቱም ሳውንድ ከአንድ ሱቅ የገዛ፣ ሁለቱም ማይኩን ከካርቶኑ እንዳወጣው ቻናል አንድ ላይ ያቆመ። አንዴ እኛ አዳራሽ ሽማግሌው ምርቃት ሊጀምሩ ተነሥተው ሳለ፣ በእኛ ስፒከር የላይኛው ሰርግ መድረክ መሪ የማናውቃትን ሙሽራ ጠርቶ «እልል በሉላት» አለ። ሴቶቹም እልል አሉ! ማንም አላወቀም። ሽማግሌውም ቀጠሉ። የስልክ ድምፅም ነበር፣ ድድድ ድድድ የሚለው፤ 2ጂ ስልክ በሴኮንድ ከ200 ጊዜ በላይ እየተቆራረጠ ሲልክ መጥፎ ሽፋን ያለው ኬብል ሁሉ ይሰማዋል። እዚህ ስዊስኮም 2ጂን በ2021 ግድም ስለዘጋው ያ ድምፅ ብዙም አይሰማም። አገር ቤት ግን ዛሬም አለ።

አዘጋጇ፦ የሚቆጣጠር ሰው አልነበረም?

ባለሙያው፦ ያኔ እኛ ጋ የመጣ አልነበረም። አሁን በ2011 በእኛ አቆጣጠር የወጣ አዋጅ አለ፣ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑን ያቋቋመው፤ ፍሪኩዌንሲ የሚያድለው እሱ ነው። የሰርግ ቤት ማይክ ላይ ማን ይደርሳል፣ እሱን እንተወው።

አዘጋጇ፦ እዚህ ረገንስዶርፍ ግን ስለ ድምፅ ብዙ ይታወቃል ይሉኛል ሰዎች።

ባለሙያው፦ የሽቱደር ፋብሪካ የነበረው እዚህ ነዋ! ዊሊ ሽቱደር ድርጅቱን በ1948 አቋቋመ፣ ሬቮክስ የሚለውም ስም የእሱ ነው። ጄ37 የሚባለው ባለ አራት ትራክ ቴፕ መቅረጫው ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብቶ ቢትልሶች በ1967 የወጣውን ሳርጀንት ፔፐርን የቀረጹበት ነው። ዓለም ላይ ስንት ሬዲዮ ጣቢያ ረገንስዶርፍ የሚል ጽሑፍ ያለበት ማሽን ነበረው። በ1994 ለአሜሪካኖቹ ሃርማን ተሸጠ፣ ሰውየው በ1996 ሞተ፣ ስሙም ከዚያ ወዲህ እጅ እየቀያየረ ሄደ። እኔ የምጠግናቸው እነዚያን አሮጌዎቹን ነበር። ልንገርሽ፣ እዚያ ጫጫታ ማለት ማሽኑ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ቴፑ የሚያወጣው ሹክሹክታ፣ የሞተሩ ጉርምርምታ፣ ያረጀ ኮንዴንሰር። ማሽኑን ከፈታሽ ታገኚዋለሽ። ገመድ አልባው ግን ዕቃውን ምንም ብትፈቺው ጫጫታው የለም፣ ውጭ ነው ያለው። ሰው ግን ዛሬም ማይኩን ነው የሚቀጠቅጠው። ባትሪ ይቀይራል፣ በመዳፉ ይመታዋል፣ ይነፋበታል።

አዘጋጇ፦ ባትሪ እኛም ቀይረናል።

ባለሙያው፦ ባትሪ መቀየር ክፉ አይደለም፣ ግን ከስድስቱ የአንዱም ችግር ባትሪ አልነበረም። ልብ በይ፤ የአንቺ ትልቁ ስህተት ማይክ አመራረጥ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የሞከርሽው አዳራሽና ማታ የሠራሽበት አዳራሽ አንድ አልነበሩም። ቀን ማይኮቹን አንድ በአንድ ሞከርሻቸው፣ ማታ ስድስቱም በሩ። ስክሪኑ ቀን ጠፍቶ ነበር። ሰው አልነበረም፣ ስልክ አልነበረም። በዚያ ላይ የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ነው፣ ሲግናል ይውጣል፤ ሦስት መቶ ሰው በማይኩና በአንቴናው መሃል ሲቆም ሲግናሉ ይደክማል። ደካማ ሲግናል ደግሞ ማንኛውም ጫጫታ ያሸንፈዋል።

አዘጋጇ፦ ሰውን ለሳውንድ ቼክ አልጠራ!

ባለሙያው፦ ሰውን ባትጠሪም ሌላውን ሁሉ ማብራት ትችያለሽ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ስክሪኑን፣ መብራቱን፣ ዋይፋዩን፣ የዲጄውን ዕቃ ሁሉ አብሪ። የማይኮችሽን ማሰራጫዎች ግን በሙሉ አጥፊ፣ ሪሲቨሮቹ ብቻ ይብሩ። አሁን ሪሲቨሩ ላይ ያለውን የሲግናል መለኪያ እይ። አንቺ ምንም ሳትልኪ መለኪያው ከወጣ፣ እዚያ ቁጥር ላይ ሌላ ሰው አለ፤ ልቀቂለት። ስክሪኑን አጥፊው፣ መለኪያው ከወረደ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው። ንጹሕ ቦታ ስታገኚ ማይኮቹን አንድ በአንድ አብሪና አታጥፊያቸው፤ ሁለተኛው ሲበራ ሦስተኛው ሪሲቨር ተነሣ ወይ ብለሽ እያየሽ። ስድስቱም ከበሩ በኋላ አንዱን ብቻ አጥፊው፣ የእሱ ሪሲቨር ዝም ካለ ጥሩ ነው። እንደገና አብሪውና ቀጣዩን አጥፊ። ረዳቶችሽ ደግሞ መድረኩ ፊት ቆመው ስልካቸው ላይ በቀጥታ ያስተላልፉ፣ ቲክቶክ ካበዱ ለዚህ ይጠቅሙ።

አዘጋጇ፦ ያ ሁሉ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ባለሙያው፦ ለስድስት ማይክ? ከዘፋኙ ፀጉር ሥራ ያነሰ።

አዘጋጇ፦ በቃ ዲጂታል ማይክ ልግዛና ልገላገል ብዬ ነበር። ሻጩ ዲጂታል ከሆነ ጫጫታ የለም አለኝ።

ባለሙያው፦ ሻጩ ግማሹን እውነት ነገረሽ። ዲጂታሉ ጭርር አይልም፣ ሲግናሉ እስካለ ጥርት ያለ ነው። ሲጠፋበት ግን ቀስ እያለ አይበላሽም፣ ድንገት ጭጭ ይላል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትዪኝ፣ አናሎጉ ቢያንስ ሊሞት ሲል ያስጠነቅቅሻል። በተለይ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለውን ተጠንቀቂ፤ ያ የዋይፋይና የብሉቱዝ ሰፈር ነው፣ የሰው ስልክ ሁሉ እዚያ ነው የሚንጫጫው። ቤት ውስጥ ለሚዘፍን ሰው ይበቃል። ሦስት መቶ ሰው ያለበት አዳራሽ አላምነውም።

አዘጋጇ፦ መስቀል ደርሷል ጋሼ። ምን ልከራይ?

ባለሙያው፦ ለመድረክ መሪው ገመድ ያለው።

አዘጋጇ፦ እሱ እኮ መዞር ይወዳል። ገመድ ሲያይ ያኮርፋል።

ባለሙያው፦ አሥራ አምስት ሜትር ገመድ ስጪውና ይዙር። የሚናገረው ከአንድ ቦታ ሆኖ ነው፣ ምን ያደርግለታል ሬዲዮ ጣቢያ? ጸሎት ለሚያደርጉት አባትም መቆሚያ ላይ ገመድ ያለው አድርጊ፤ ግጥሟንም እዚያው ታንብብ። ማሲንቆው ተቀምጦ ነው የሚጫወተው?

አዘጋጇ፦ ተቀምጦ።

ባለሙያው፦ ለእሱም ገመድ፤ ደስ ይለዋል። እንግዲህ የቀሩሽ ሦስቱ የዘፋኞቹ ናቸው፣ እነሱ ይዝለሉ፣ ይውረዱ፣ ሕዝቡ ውስጥ ይግቡ። ሦስት ገመድ አልባ በ470 እና በ694 መካከል፣ ከአንድ ግሩፕ። አንድ ባለገመድ ማይክ ደግሞ ተሰክቶ፣ ተሞክሮ፣ መድረኩ ጥግ ላይ ይቀመጥ። ገመድ አልባው ሲዘጋ የሚነሣው እሱ ነው።

አዘጋጇ፦ አጎቴንስ ምን ልበለው? ለገና ይመጣል፣ ማይኬ እንዴት ነው ማለቱ አይቀርም።

ባለሙያው፦ እውነቱን ንገሪው። ሲመለስ ይዞት ይሂድ፣ እዚያ ይሠራለታል። በምትኩ ሌላ ላምጣ ካለ ግን ሳይገዛ ቁጥሩን ያንብብልሽ። አሜሪካም አብዛኛውን 600 ለስልክ ሰጥታለች፣ በ2020 ከዚያ የተባረሩ ማይኮች ደግሞ በርካሽ ሊሸጡ ይችላሉ፣ ዋጋቸው እንዳያታልለው። ከ470 እስከ 608 መካከል ያለ ከሆነ ፍሪኩዌንሲው ለእዚያም ለእዚህም ይሆናል።

አዘጋጇ፦ ከ470 እስከ 608። ይኸው አሁኑኑ ልደውልለት።

ባለሙያው፦ ተይ፣ ዋሽንግተን ገና አልነጋም። መጀመሪያ የመስቀሉን ኪራይ ጨርሺ።